ልጄ የሒሳብ ሥራዋን ትታ ወይን ቀማሽ ልሆን ነው ትላለች

ጥያቄ፦

«ከባለቤቴ ጋር ከአገር ስንሰደድ ልጃችን ገና ሕፃን ነበረች። እኔ ሌሊት በጥበቃ፣ እናቷ ቀን በጽዳት እየሠራን አስተማርናት። በሒሳብ አያያዝ በዲግሪ ተመርቃ በአንድ የኦዲት ድርጅት ተቀጥራ ነበር፤ ደመወዟም ጥሩ ነበር። ዘንድሮ 26 ዓመቷ ነው። ዓምና ሥራዋን ለቅቃ አንድ ትልቅ ምግብ ቤት ውስጥ ለእንግዶች ወይን ጠጅ የምትቀዳ ሆነች። ‹አስተናጋጅ አይደለሁም፤ ሶሜሊዬ፣ ማለትም የምግብ ቤት የወይን ጠጅ ባለሙያ፣ ለመሆን እየተማርኩ ነው› ትለኛለች። ቤት ስትመጣ ብርጭቆ ደርድራ ታሸታለች፣ ትቀምሳለች፣ ደብተር ላይ ትጽፋለች። እናቷ መጠጥ ሱስ ሊሆንባት ነው ብላ ታለቅሳለች። እኔ ሰው ‹ልጅህ ምን ትሠራለች?› ሲለኝ እስከ ዛሬ ‹ሒሳብ› ብዬ ነው የምመልሰው። አሁን ደግሞ ከጓደኛዋ ጋር በራሳቸው ስም ወይን አሽገው ሊሸጡ አስበው፣ ለጡረታ ካስቀመጥነው ገንዘብ እንድናበድራት ጠይቃናለች። እምቢ ብል ልጄን የማጣ፣ እሺ ብል እርጅናዬን የማጣ መሰለኝ። ይህ ለመሆኑ ሥራ ነው? ምን ይመክሩኛል?»

ግራ የገባው አባት

መልስ፦

ይድረስ ለግራ የገባዎት አባት፣

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ገንዘቡን አሁን አይስጡ። ምክንያቱን እመለስበታለሁ። ነገር ግን ይህን መልስ ብቻ ይዘው ልጅዎ ፊት እንዳይቆሙ እለምንዎታለሁ። ደብዳቤዎ ውስጥ የመጠጥ ፍርሃት፣ የሰው አፍ ፍርሃትና የገንዘብ ፍርሃት በአንድ ቋጠሮ ታስረዋል። ሦስቱንም በአንድ «አይሆንም» ከመለሱላት ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማት «አፈርኩብሽ» የሚለው ይሆናል። ለሰው «ሒሳብ» እያሉ መመለስዎንም አታውቅም ብለው አይጽናኑ። ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ከወላጅ ፊት ላይ ያነብባሉ።

መጀመሪያ እናቷን ስለሚያስለቅሰው ነገር። አንድ ማታ ልጅዎ ብርጭቆዎቿን ስትደረድር ሁለታችሁም አጠገቧ ተቀመጡና ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ አዘንብላ ጠርዙን ታያለች፤ ቀይ ወይን ሲያረጅ ጠርዙ ወደ ጡብ ቀለም ያደላል፣ ነጩ ደግሞ ከዕድሜው ጋር ይጠቁራል። ከዚያ ታሸታለች። እርጥብ ካርቶን የሚመስል ሽታ ከመጣባት ጠርሙሱን ወደ ጎን ትገፋዋለች፤ ቲሲኤ በሚባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቡሹ በሚመጣ ኬሚካል ተበላሽቷል ማለት ነው። ደህና ከሆነ ጥቂት ተጎንጭታ አፏ ውስጥ ታንከባልለዋለች። በጉንጮቿ ውስጥ ምራቅ ምን ያህል እንደሚመነጭ ታስተውላለች፤ አሲዱን የምትለካው በዚያ ነው። ድዷ ምን ያህል እንደደረቀ ታስተውላለች፤ ከፍሬው ቆዳና ዘር የሚወጣው ታኒን የሚባለው ነገር ነው የሚያደርቀው። ጉሮሮዋ ላይ የሚሰማት ሙቀት አልኮሉን ይነግራታል። ይህን ሁሉ ደብተሯ ላይ ከጻፈች በኋላ ትተፋዋለች። የምትተፋበት ዕቃ አጠገቧ ከሌለ ያን ጊዜ እናቷ እውነት አላት። ባለሙያ በአንድ ቀን ከ100 በላይ ናሙና የሚቀምስበት ጊዜ አለ፤ ካልተፋ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለውም።

ስጋታችሁን ግን ባዶ ነው አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ለጤና ምንም ስጋት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ብሎ በግልጽ አስታውቋል። ቢተፋም ጥቂቱ በአፍ ውስጥ ወደ ደም ይገባል፤ ስለዚህ ከረጅም ቅምሻ በኋላ መኪና መንዳት የለባትም። በዚህ ሙያ ሰው የሚወድቀውም ጠዋት ደብተር ይዞ ሲቀምስ አይደለም። እኩለ ሌሊት ላይ ምግብ ቤቱ ተዘግቶ፣ የተራረፉ ጠርሙሶች ጠረጴዛ ላይ ቀርበው፣ ባልደረቦች «አንድ ብርጭቆ» ሲሉ ነው። ይህን ደግሞ የሙያው ሰዎች ራሳቸው ያውቁታል። ስለዚህ «ትጠጫለሽ ወይ?» ብለው አይጠይቋት፤ ያስቀይማታል እንጂ ምንም አይነግርዎትም። «ሥራ ስትጨርሱ የት ታመሻላችሁ?» ይበሏት። መልሱ ብዙ ይናገራል።

ወደ «ሥራ ነው ወይ?» ልለፍ። ነው፤ እንዲያውም እርስዎ ከሚያስቡት በላይ የሒሳብ ሥራ ነው። አዳራሹ ውስጥ የሚታየው ከፍቶ መቅዳት የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ሶሜሊዬ በተግባር የግዢ ኃላፊ ነው። ከአከፋፋዮች ጋር ዋጋ ይከራከራል፣ የትኛው ወይን ምናሌው ላይ እንደሚወጣ ይወስናል፣ በወሩ መጨረሻ ካፖርቱን ደርቦ ቀዝቃዛው መጋዘን ውስጥ ጠርሙስ በጠርሙስ ይቆጥራል። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ በ150 ሚሊ ሊትር ሲቀዳ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። የሚቀዳው ሰው እጁ ልል ሆኖ በየብርጭቆው 30 ሚሊ ሊትር ቢጨምር አምስተኛው ብርጭቆ ከነአካቴው የለም። በብዙ ምግብ ቤቶች ደግሞ የመጀመሪያው ብርጭቆ የጠርሙሱን መግዣ እንዲመልስ ተደርጎ ነው ዋጋ የሚወጣው፤ የቀሩት አራቱ ናቸው ትርፍ። እንግዲህ የጠፋችው አንዷ ብርጭቆ የትርፉ ሩብ ናት። ወይን የሚወድ ሰው ሞልቷል። ወይን እየወደደ ንብረት ቆጠራም የሚወድ ግን ፈልገው አያገኙትም። ልጅዎ ከሁለተኛዎቹ ከሆነች የከፈሉላት ትምህርት ሜዳ ላይ አልቀረም።

ምግብ ቤቱም መጨረሻዋ ላይሆን ይችላል። የምሽት ሥራ፣ ሣጥን ማንሳትና ሰዓታት መቆም ጉልበትን ይበላል፤ ብዙዎች ጥቂት ዓመታት ከሠሩ በኋላ ወደ አስመጪዎች፣ ወደ አከፋፋዮች፣ ወደ ትልልቅ መደብሮች ግዢ ክፍል ወይም ወደ ማስተማር ይሻገራሉ። ከሰው ፊት ቆሞ ወይን የሸጠና የገንዘብ ሰነድ ማንበብ የሚችል ሰው እነዚህ ቤቶች ይፈልጉታል።

ታዲያ ችግሯ ምኑ ላይ ነው? ወይን የወራሾች ንግድ መሆኑ ላይ ነው። የተተከለ ወይን ለጠመቃ የሚበቃ ፍሬ ለመስጠት ሦስት ዓመት ገደማ ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ያፈራል። ድካሙን አባት ይደክማል፣ ምርቱን ልጅ ይበላል። በፈረንሳይ ቦርዶ እ.ኤ.አ. በ1855 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ ተብሎ የወጣው የወይን ቤቶች ደረጃ ዛሬም ጠርሙስ ላይ ይታተማል፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ የሚነሣው ትልቁ ለውጥ በ1973 ሻቶ ሙቶን ሮትሺልድ የሚባለው ወይን ቤት ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ከፍ ማለቱ ነው። በዚያው በፈረንሳይ፣ በቡርጎኝ፣ ክሎ ደ ቩዦ የሚባል አንድ የወይን ማሳ አለ። ስፋቱ 50 ሄክታር ገደማ ነው፤ በሽያጭና በውርስ ተሸንሽኖ ዛሬ ወደ 80 የሚጠጉ ባለቤቶች አሉት። ልጅዎ የምትወዳደረው መሬት፣ ምድር ቤት ሙሉ አሮጌ ጠርሙስና የታወቀ የአያት ስም ይዘው ከተወለዱ ሰዎች ጋር ነው።

ሌላም ውርስ አለ፤ ይኸኛው ብዙ ጊዜ ሳይነገር ያልፋል። መማሪያ መጻሕፍቱ የወይንን ሽታ የሚገልጹት ብላክከራንትና ጉዝቤሪ በሚባሉ የአውሮፓ ትንንሽ ፍሬዎች፣ በቫዮሌት አበባ ነው። እነዚህን እየበላና እያሸተተ ላደገ ሰው ፈተናው የልጅነት ትዝታ ነው። ለስደተኛ ልጅ ግን አፍንጫዋ ከማንም ሳያንስ መጥሪያው ስም ይጠፋባታል፤ ከዚያም «ችሎታ የለኝም ማለት ነው» ብላ ትደመድማለች። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ፍሬዎቹን፣ ማርማላታቸውንና ቅመሞቹን ገዝቶ ዓይንን ጨፍኖ እያሸተቱ ማጥናት። ንጺኪ ቢዬላ የምትባለው ደቡብ አፍሪካዊት ከክዋዙሉ ናታል ገጠር ተነሥታ በስኮላርሺፕ ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ የወይን ጠመቃ ልትማር ስትገባ ወይን ቀምሳ አታውቅም ነበር፤ ትምህርቱም አፍ በፈታችበት ቋንቋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአገሯ የዓመቱ ምርጥ ሴት ወይን ጠማቂ ተብላ ተመረጠች። ዛሬ በአያቷ ስም አስሊና ብላ የሰየመችው የራሷ ወይን አላት።

ስደተኞችና የስደተኛ ልጆችም ይህን በር ደጋግመው ከፍተውታል። እ.ኤ.አ. በ1976 ፓሪስ ላይ ፈረንሳውያን ዳኞች የፈረንሳይንና የካሊፎርኒያን ወይን ስሙ ተሸፍኖ ሲቀምሱ ከነጮቹ አንደኛ የወጣውን የሻቶ ሞንተሊና ወይን የጠመቀው ማይክ ገርጊች ነበር። ክሮኤሺያዊ ነው፤ ከዩጎዝላቪያ ወጥቶ በጀርመንና በካናዳ በኩል አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1958 የካሊፎርኒያ የወይን አገር ናፓ የደረሰ ስደተኛ። ሌላው የካሊፎርኒያው ወይን ጠማቂ ሮበርት ሞንዳቪ ነው። አባቱ ከጣሊያን ተሰድዶ በሚኒሶታ የብረት ማዕድን ማውጫ የሠራ ሰው ነው። በአሜሪካ የመጠጥ ክልከላ ዘመን ቤታቸው ወይን ለሚጠምቁ ሰዎች የወይን ፍሬ በባቡር ይልክ ነበር። ልጁ ሮበርት በስታንፎርድ የተማረው ኢኮኖሚክስና ንግድ ነው። ቤተሰቡ ቻርልስ ክሩግ የሚባለውን የወይን ቤት እ.ኤ.አ. በ1943 ገዛ፤ ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ከቤተሰቡ ድርጅት ሲወጣ ደግሞ በ1966፣ ዕድሜው ከ50 ካለፈ በኋላ፣ በራሱ ስም ሌላ ጀመረ። እንዲሁም የጣሊያን ስደተኞች ልጆች የሆኑት ኧርነስትና ጁሊዮ ጋሎ በ1933 ሲነሡ ጠመቃን የተማሩት በሞዴስቶ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ካገኟቸው አሮጌ በራሪ ጽሑፎች ነበር።

ይሁን እንጂ እነዚህን ስሞች እየጠራሁ ላሞኝዎት አልፈልግም። ሞንዳቪዎችም ጋሎዎችም የተነሡት በክልከላው ዘመን ወይም ክልከላው ሲነሣ፣ ገበያው ባዶ በነበረበት ጊዜ ነው። ልጅዎ የምትገባበት ገበያ ተቃራኒው ነው። ዓለም አቀፉ የወይንና የወይን ጠጅ ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2024 ዓለም የጠጣው ወይን 214 ሚሊዮን ሄክቶሊትር (አንዱ 100 ሊትር ነው) ገደማ ነው፤ ከ1961 ወዲህ ዝቅተኛው። ወጣቱ ከወላጆቹ ያነሰ ይጠጣል፣ የጤናው ክርክር በርትቷል፣ ነባር አምራቾችም የወይን ተክላቸውን እየነቀሉ ነው። ይህ ማለት ሥራ የለም ማለት አይደለም። ሥራ የሚኖረው ወይንን ለሚያደንቅ ሳይሆን መሸጥ ለሚችል ነው ማለት ነው።

ያልወረሰ ሰው ታዲያ በምን ይገባል? እንደ እኔ በሁለት ነገር፦ በሚታወቅ ምስክር ወረቀትና በሥራው ላይ ባዩት ሰዎች ቃል። ስለዚህ «የትኛውን ፈተና ነው የምትወስጂው?» ብለው ይጠይቋት። መንገዶቹ የተለያዩ ናቸው። ደብሊው ኤስ ኢ ቲ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ለንደን የተመሠረተው የትምህርት ተቋም ከአንድ እስከ አራት ደረጃ አለው፤ አራተኛው ዲፕሎማ ይባላል፣ ከሥራ ጋር ዓመታት ይወስዳል። በአብዛኛው በጽሑፍ የሚፈተን ሲሆን አስመጪዎችና ገዢዎች ያከብሩታል። የማስተር ሶሜሊዬዎች ማኅበር ደግሞ ለምግብ ቤት አገልግሎት የተሠራ አራት እርከን አለው። የመጨረሻው ላይ ተፈታኙ ዳኞች ፊት ቆሞ ስማቸው ያልተነገረው ስድስት ወይን በ25 ደቂቃ ውስጥ ቀምሶ የፍሬውን ዝርያ፣ አገሩን፣ አካባቢውንና ዓመቱን በቃሉ ይናገራል። ሌላው በጣም ከባድ ፈተና ማስተር ኦፍ ዋይን የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ 21 ሰዎች ተፈትነው ስድስት አለፉ፣ ዛሬም በመላው ዓለም ማዕረጉ ያላቸው ጥቂት መቶ ሰዎች ብቻ ናቸው።

የሒሳብ ሰው ስለሆነች እኔ ብሆን ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። ምግብ ቤት ውስጥ እየሠራች ሦስተኛውን ደረጃ ትጨርስና ከዚያ ዲፕሎማውን ለመቀጠል ትወስን። ሁለተኛውን ደረጃ እንኳ ሳትይዝ ስለራሷ ወይን የምታልም ከሆነ ግን ነገሩ ገና ፍቅር ላይ ነው፤ ሙያ ላይ አልደረሰም።

ስለ ማስተር ሶሜሊዬዎች ማኅበር ካነሣሁ አባት ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካው ቅርንጫፍ ከፍተኛ ማዕረግ የነበራቸው ወንዶች በሙያው ሊያድጉ በሚሹ ሴቶች ላይ ጾታዊ ትንኮሳ ይፈጽሙ እንደነበር 21 ሴቶች በአደባባይ ተናገሩ። ምርመራ ተካሂዶ ከማኅበሩ የተባረሩ አሉ። ችግሩ የአንድ ማኅበር ብቻ አይመስለኝም፤ አስተማሪው፣ ፈታኙና ሥራ ሰጪው አንድ ሰው በሆነበት፣ መጠጥም በመካከል ባለበት ቦታ ሁሉ ይኖራል። ይህን ሲሰሙ «ስለዚህ ተዪው» ማለት ይቀናዎት ይሆናል። እንዲህ ካሉ አንድ ክፉ ነገር ቢደርስባት የመጨረሻው ሰሚዋ እርስዎ ይሆናሉ። ይልቅ ከማን ጋር እንደምታጠና ይወቁ። ከእሷ እኩል የሆኑ ሰዎች በአንድነት ጠርሙስ ገዝተው የሚቀምሱበት የጥናት ቡድን ካላት ወጪውም ይካፈላል፣ ብቻዋንም አትሆንም። እናቷ ቡድኑን አንድ ቀን ቤት ጠርታ ብታስተናግዳቸው እኔ ደስ ይለኛል፤ ልጅቷም ከዚያ በኋላ ቤት የምታወራው ይበዛል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የራስን ወይን ለማሸግ መሬት መግዛት ግዴታ አይደለም። ፍሬ ከገበሬ ተገዝቶ፣ በሰው መጥመቂያ ቤት በኪራይ ተጠምቆ፣ የራስን ስም መለጠፍ ይቻላል፤ ብዙዎች እንዲህ ነው የጀመሩት። ልጅዎና ጓደኛዋ ያሰቡት ይህንኑ ይመስለኛል። ነገር ግን ስሌቱን ይመልከቱ። አንድ የተለመደ የቦርዶ በርሜል 225 ሊትር ይይዛል፤ 300 ጠርሙስ ማለት ነው። ሦስት መቶ ጠርሙስ የወዳጅ ዘመድ ግዢ ነው፣ ንግድ አይባልም። ንግድ እንዲሆን በርሜሎቹ መብዛት አለባቸው። ፍሬው በለቀማው ወቅት ይከፈላል። በርሜሉ፣ የመጥመቂያው ኪራይ፣ ጠርሙሱ፣ ቡሹ፣ ፈቃዱና የአልኮል ግብሩ ተራ በተራ ይከተላሉ። ቀይ ወይን ከሆነ በርሜል ውስጥ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይቀመጣል፣ ከታሸገም በኋላ ማረፍ ይፈልጋል። ከዚያ ለአከፋፋይ ይሰጣል፤ አከፋፋዩም እጅ በእጅ አይከፍልም። የመጀመሪያው ገንዘብ ከመመለሱ በፊት የሁለተኛው ዓመት ፍሬ ደርሶ ክፍያ ይጠይቃል፤ አንዳንዴ የሦስተኛውም። በዚህ ንግድ የሚወድቁ ጀማሪዎች አብዛኞቹ ወይናቸው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ጥሩ ወይን መጋዘን ሞልቶ ደመወዝ መክፈያ አጥተው ነው።

ይህን አሠራር የጡረታ ገንዘብ አይችለውም። ለወጣት ባለሀብት አምስት ዓመት መጠበቅ ትዕግሥት ነው፤ ለእርስዎና ለባለቤትዎ ግን ከሥራ የምትወጡበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ «አይሆንም» ሲሏት የሙያዋን ነገር ሳይነኩ በሒሳብ ቋንቋ ይንገሯት፦ «ይህ ገንዘብ ቶሎ መመለስ ያለበት ገንዘብ ነው፣ ያንቺ ንግድ ደግሞ ዘግይቶ የሚመልስ ነው፤ አይገጥሙም»። የኦዲት ሰው ናትና ይገባታል። ባይገባት ደግሞ ከማንም ገንዘብ መበደር የለባትም።

በምትኩ ሊሰጧት የሚችሉት ነገር አለ። የሚቀጥለውን ደረጃ የትምህርትና የፈተና ክፍያ በስጦታ ይክፈሉላት። ገንዘቡ ከጠየቀችው ጋር አይወዳደርም፤ ለእሷ ግን አባቷ ለወይን ትምህርት የከፈለበት የመጀመሪያው ቀን ይሆናል። ሁለተኛው፣ አንድ የለቀማ ወቅት ከመጥመቂያ ቤት ሄዳ እንድትሠራ ይደግፏት። በደቡብ ንፍቀ ክበብ ለቀማው በአብዛኛው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ በሰሜኑ ደግሞ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው፤ መጥመቂያ ቤቶች ለእነዚህ ወራት ጊዜያዊ ሠራተኛ ይቀጥራሉ፣ ደመወዝ ይከፍላሉ፣ ብዙዎቹ ማደሪያ ይሰጣሉ። ሥራው ታንከር ማጠብ፣ ቱቦ መጎተትና የፈላ ፍሬ በአካፋ መዛቅ ነው፤ ፈረቃው 12 ሰዓት ሊሄድ ይችላል። አንድ ነገር ብቻ ከእኔ ይንገሩልኝ፦ ወይን ሲፈላ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታንከር ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፣ አይታይም፣ ሰውም ገድሏል፤ አየሩ ሳይለካ ማንም ግባ ቢላት እንዳትገባ። ከዚያ ወቅት በኋላ የራሷን ወይን ሕልም እንደያዘች ከተመለሰች ሕልሙ ሌላ ክብደት ይኖረዋል። ሕልሙን ትተው የሚመለሱም አሉ፤ እነሱም በርካሽ ተማሩ።

አዳራሹ ውስጥ ስለሚጠብቃት ነገርም ጥቂት ልበል። እንግዳ አንዳንዴ ወጣት ሴት፣ ያውም የስደተኛ ልጅ፣ ዝርዝሩን ይዛ ስትመጣ «ባለሙያውን ጥሪልን» ይላል። ቤት መጥታ ስትነግርዎ «እኔም እንዲያ ብዬሽ ነበር» እንዳይሉ። እርስዎም በሌሊት ጥበቃ ሥራዎ ስንቱ ሳያይዎት እንዳለፈ ያውቃሉ፤ በዚህ ጉዳይ ከማንም አማካሪ የተሻሉ ነዎት። ከአንድ በላይ ቋንቋ መናገሯንም አይናቁት። ወይን ሻጭ ከገበሬ፣ ከወደብ ሠራተኛና ከሀብታም ደንበኛ ጋር በአንድ ቀን የሚነጋገር ሰው ነው፤ በሁለት ዓለም መካከል እያስተረጎመ ያደገ ልጅ ይህን ከትምህርት ቤት በፊት ተለማምዶታል።

ቀጣዩን ሰው በተመለከተ፣ «ልጅህ ምን ትሠራለች?» ሲልዎት «የወይን ግዢ ባለሙያ ለመሆን እየተማረች ነው» ይበሉ። ውሸት የለበትም፤ ለጠያቂውም ከ«ሒሳብ» የበለጠ ወሬ ይሆንለታል።

ብድሩንም ለዘለዓለም አይዝጉት። ሦስተኛውን ደረጃ ካለፈች፣ አንድ የለቀማ ወቅት ከሠራችና ቢያንስ አንድ ዓመት በአከፋፋይ ወይም በአስመጪ ቤት የሰው ወይን ከሸጠች በኋላ የአምስት ዓመት የገንዘብ ፍሰት ሠርታ ታምጣላችሁ። ሰነዱ ውስጥ ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ማን እንደሚገዛ በስም፣ ከጓደኛዋ ጋር ቢለያዩ ደግሞ በርሜሎቹ የማን እንደሚሆኑ በጽሑፍ። ሁለቱም ካሉ ወረቀቱን ለገለልተኛ የሒሳብ ባለሙያ ያሳዩት። ያን ጊዜም ቢሆን የሚያበድሩት፣ ጨርሶ ባይመለስ እናንተን የማያናጋውን ያህል ብቻ ይሁን።